ለስድስት ሰው፣ ለሁለት ሌሊት፦ የቡድን ጉዞ የሚያሰናዱ አፖች ሲመዘኑ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጓደኛሞች ቅዳሜና እሁድን ሌላ ከተማ ለማሳለፍ ሲነሡ ግን ሎሚው ከመከፋፈሉ በፊት ለሳምንታት በአንድ ሰው እጅ ያድራል። ቀን የምታስማማው፣ ማረፊያውን በራሷ ካርድ የምትይዘው፣ መንገድ የምትመራው፣ እሁድ ማታ ደግሞ «ስንት ደረሰብኝ?» ተብላ የምትጠየቀው ያችው አንዷ አዘጋጅ ናት። እዚህ የሚመዘኑት አፖችም በእሷ በኩል ነው የሚታዩት፤ ምን ያህል ያሳርፏታል?

ቀን ለመቁረጥ አዲስ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። ሁሉም ያለበት የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ይበቃል። ቴሌግራም ላይ ፖል (የድምፅ መስጫ) ስትከፍቱ የመራጩን ስም የሚደብቀውን አጥፉና ከአንድ በላይ መምረጥ የሚያስችለውን አብሩ። ስም ከተደበቀ በእጃችሁ የሚቀረው «አራት ሰው ይችላል» የሚል ባዶ ቁጥር ነው፤ ማን ዝም እንዳለ ስለማታውቁ የምትጨቀጭቁት ሰው እንኳ አይኖርም። ዋትስአፕ ላይ ማን ምን እንደመረጠ መጀመሪያውኑ ይታያል። አማራጩ እስከ 12 ስለሚደርስ ግን አዘጋጇ ትፈተንና የሦስት ወር ቅዳሜ ትደረድራለች። ሦስት ቅዳሜ በቂ ነው። ጥያቄውም «የትኛው ይመቻችኋል?» ከሚሆን «የትኛው በፍጹም አይሆንላችሁም?» ቢሆን ይሻላል። የመጀመሪያው ምኞት ያስቆጥራል፤ ሁለተኛው ሥራ፣ ሰርግና ፈተና ያለበትን ቀን ገና ከጅምሩ ያወጣዋል።

የፖል ድክመቱ ስክሪን መንካት ምንም አለማስከፈሉ ነው። «እመጣለሁ» ብሎ የነካና ቀብድ የከፈለ ሰው አንድ አይደሉም። ፖሉ በተዘጋ በማግስቱ የማረፊያው ድርሻ ይጠየቅ፣ አራት ቀን ይሰጥ፣ ከዚያ በኋላ የከፈለው ብቻ ይቆጠር። በፖል ስምንት የነበሩ በቀብድ ስድስት ቢሆኑ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ቤቱ የሚፈለገው ለስድስት ሰው ነው ማለት ነው።

ማረፊያ ላይ ኤርቢኤንቢና ቡኪንግ ዶት ኮም ለቡድን የሚለያዩበት ዋናው ነገር ዋጋ አይደለም፤ ልዩነቱ ሰው ሲቀር ነው የሚታየው። ኤርቢኤንቢ ላይ ቡድን በብዛት የሚከራየው ሙሉ ቤት ስለሆነ፣ ከስድስት አንዱ ቢቀር ኪራዩ አይቀንስም፤ ድርሻው በአምስቱ ላይ ይወድቃል። ቡኪንግ ላይ ሦስት የሁለት ሰው ክፍል ከያዛችሁ ግን፣ ነጻ ስረዛ ያለውን ዋጋ እስከመረጣችሁ ድረስ አንዱን ክፍል ብቻ መሰረዝ ይቻላል። ወላዋይ የበዛበት ቡድን ክፍል ክፍሉን ይያዝ፤ ቀብዱን አጠናቆ የከፈለ ቡድን ቤት ይከራይ።

ቤት ከሆነ ምርጫችሁ፣ ፍለጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ቀኑንና የሰውን ቁጥር አስገቡ። አንዳንድ አከራይ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሚመጣ እንግዳ ጭማሪ ስለሚያስከፍል ለሁለት ሰው የታየው ዋጋ ለስድስት አይሠራም። የጽዳት ክፍያውን ደግሞ ለብቻው እዩት። የሚከፈለው በየሌሊቱ ሳይሆን ለቆይታው አንዴ ስለሆነ ሳምንት ለሚቆይ ሰው ለሰባት ሌሊት ይበተናል፤ ለእናንተ ለሁለት ብቻ። በሌሊት ርካሽ የመሰለ ቤት በድምሩ ከጎረቤቱ የሚበልጠው በዚህ ነው። ማወዳደር ያለባችሁ ከመክፈያው ቁልፍ በላይ ያለውን የመጨረሻ ድምር ነው።

«ስድስት ሰው ያስተኛል» የሚለውን አትመኑ፤ የአልጋውን ዝርዝር ከፍታችሁ ቁጠሩ። አራቱ አልጋ ላይ፣ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሶፋው የደረሰው ሰው ደግሞ ወሬው አልቆ ሌላው ሁሉ እስኪተኛ ድረስ አይተኛም። ከአልጋ ይብስ የሚረሳው መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ መታጠቢያ፣ ስድስት ሰው፣ ለሰው 20 ደቂቃ፤ ሁለት ሰዓት። የቅዳሜ ጠዋት በዚያው አለቀ።

የስረዛውን ደንብ ደግሞ ከቀብዱ ቀን ጋር አያይዙት። ኤርቢኤንቢ ላይ ፍሌክሲብል የሚባለው ደንብ ከመግቢያው ሰዓት 24 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ሞደሬት የሚባለው 5 ቀን ቀደም ብሎ ለተሰረዘ ሙሉውን ይመልሳል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ቤቱ ባለበት ከተማ አቆጣጠር ነው። ቀብድ ተሰብስቦ የሚያልቅበት ቀን ከዚህ ገደብ ካለፈ፣ ሃሳቡን የሚቀይር ሰው ኪሳራ አዘጋጇ ካርድ ላይ ይቀራል።

በአውሮፕላን የሚሄድ ቡድን ሊያውቀው የሚገባ አንድ ብልሃት አለ። አየር መንገዶች መቀመጫን በዋጋ እርከን ነው የሚሸጡት። በዝቅተኛው እርከን አራት መቀመጫ ቀርቶ ለስድስት ሰው ከፈለጋችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ለስድስቱም የሚወጣው የላይኛው እርከን ዋጋ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ለስድስት ፈልጉ። የአንዱ ሰው ዋጋ ከተለያየ ቁጥሩን እየቀነሳችሁ የሚወርድበትን ቦታ አግኙና አራትና ሁለት አድርጋችሁ ግዙ። ጣጣው የትኬት ምዝገባው ሁለት መሆኑ ነው፤ በረራው ቢሰረዝ አየር መንገዱ አብራችሁ መሆናችሁን አያውቅምና አራቱንና ሁለቱን በተለያየ በረራ ሊያሳፍራችሁ ይችላል።

ጉግል ማፕስን ሁሉም ሰው መንገድ ለማግኘት ይጠቀምበታል። ለቡድን ግን የሚጠቅመው የጋራ ዝርዝሩ ነው። አዲስ ዝርዝር ትከፍታላችሁ፣ ሊንኩን ግሩፑ ላይ ትለቃላችሁ፣ ሌሎችም ቦታ እንዲጨምሩ ትፈቅዳላችሁ። በየቦታው ሥር አጭር ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ «እሁድ ዝግ»፣ «ትኬት በቅድሚያ»፣ «ዝናብ ከጣለ»። አዘጋጇን ከሃያ ጥያቄ የምታድናት ይህች ማስታወሻ ናት።

ዝርዝሩ ግን በቃኝ አያውቅም። ስድስት ሰው ሰባት ሰባት ቦታ ቢጨምር 42 ነጥብ ካርታው ላይ ይፈላል። ሙሉ ቅዳሜንና የእሁድን ግማሽ ደምሩ፣ ምግቡንና ዕረፍቱን ቀንሱ፣ የሚቀረው አሥር ሰዓት ያህል ነው። አንዱ ቦታ ከነመንገዱ ሁለት ሰዓት ቢወስድ አምስት ቦታ። አምስት ቦታ ለስድስት ሰው! ስለዚህ ለነፍስ ወከፍ አንድ የማይቀር ምርጫ ብቻ፤ እሱም የሚሞላው ከስድስቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ ነው። አፑ የሚነግራችሁ የእግር መንገድ ጊዜም ሳይቆም ለሚሄድ ሰው የተሰላ ነው። አንዱ ፎቶ ሲያነሣ፣ ሌላው ውሃ ሲገዛ፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ሲቀሩ 15 ደቂቃ የተባለው 20 ይሆናል፤ ከሦስት አንድ እጅ መጨመር ደንብ ይሁናችሁ።

መስመር ስታወጡ እስከ 9 መቆሚያ መጨመር ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ግን አያስተካክልላችሁም፤ እንደጻፋችሁት ወዲያና ወዲህ ያመላልሳችኋል። በባቡርና በአውቶቡስ ስትፈልጉ ደግሞ መቆሚያ መጨመር ራሱ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሰዓቱ ነው። ረቡዕ ማታ ቁጭ ብላችሁ የባቡር መንገድ ስትፈልጉ የምታዩት የረቡዕ ማታን ነው። የመነሻ ሰዓቱን ነክታችሁ እሁድ ጠዋትን ካልመረጣችሁ፣ እሁድ በየሰላሳ ደቂቃው የሚመጣው ባቡር በየስምንት ደቂቃው የሚመጣ መስሏችሁ ትወጣላችሁ።

ካርታውን ከመነሣታችሁ በፊት በዋይፋይ አውርዱት። ያለ ኔትወርክ የሚሰጠው አቅጣጫ ግን የመኪና ብቻ ነው፤ የእግርና የሕዝብ ትራንስፖርት የለም። ሰማያዊዋ ነጥብ በጂፒኤስ ስለምትሠራ የቆማችሁበትን ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን በዓይን ማንበብ ነው። ቡድኑ ለሁለት ሲከፈል ያላችሁበትን ቦታ በቀጥታ ማጋራት ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ አለ፤ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት። የ1 ሰዓቱ ይበቃል፤ የ8 ሰዓቱ ባትሪ ይበላል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ወዳጅ የሚያኳርፈው እሱ ነውና። ስፕሊትዋይዝ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያለ የወጪ ማካፈያ ነው። ሥራው መዝገብ መያዝ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ለማን፣ ስንት። በአብዛኛው አገር ገንዘቡ ራሱ በሌላ መንገድ ይላካል።

ጥንካሬው የሚያካፍልበት መንገድ ብዛት ነው። እኩል ማካፈል አለ፣ በቁርጥ መጠን አለ፣ በመቶኛ አለ፣ በድርሻ አለ። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው አያልፍም፤ ለጉዞ የሚሆነው ግን የመጨረሻው ነው። ቤቱ ለሁለት ሌሊት 8800 ነው እንበል። አምስቱ ሁለቱንም ሌሊት ያድራሉ፤ አንዱ ቅዳሜ ደርሶ አንድ ሌሊት ብቻ። እኩል ሲካፈል ለሰው 1466.67 ይመጣል፤ ዘግይቶ የደረሰው ሰው ፊቱ ይጠቁራል። በድርሻ የሚለውን ከፍታችሁ ለአምስቱ 2፣ ለእሱ 1 ጻፉ። ድምሩ 11 ድርሻ፣ አንዱ ድርሻ 800። አምስቱ 1600፣ እሱ 800።

እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። ቤቱ ለስድስት ሰው ተብሎ ከተያዘ በኋላ «እኔ አንድ ሌሊት ብቻ ነኝ» ቢል ኪራዩ አልቀነሰም፣ አልጋውም ባዶውን ያድራል። በእኛ ግምት ያን ጊዜ እኩል ይክፈል። በድርሻ የሚታሰብለት ቤቱ ሳይያዝ ቀድሞ የተናገረ ሰው ነው። አፑ ሁለቱንም ሳያጉረመርም ያሰላል፤ ዳኝነቱ የእናንተ ነው።

ዕዳ ማቅለያው ደግሞ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ለ ከሀ 300 ተበደረ፤ ሐ ከለ 300 ተበደረ። ማቅለያው ሲበራ ለ ከመሀል ይወጣና ሐ በቀጥታ ለሀ 300 ይከፍላል። «ከሀ ጋር ምንም አልገዛሁም፣ ለምን እከፍለዋለሁ?» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚከፍለውና የሚቀበለው ሲቻቻል የማንም ሒሳብ አይለወጥም፤ የሚቀንሰው የዝውውሩ ብዛት ነው። ስድስት ሰው ባለበት ጉዞ በጣም ያሳርፋል። ከግሩፑ ሴቲንግ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ከጉዞው በፊት ተነጋግራችሁ አብሩት።

ሒሳቡ የሚበላሸው በአብዛኛው በአስገቢው እጅ ነው። የተለመደው ስሕተት ዕዳ መክፈልን እንደ አዲስ ወጪ መመዝገብ ነው። 600 ለአዘጋጇ የላከ ሰው «600 ከፈልኩ» ብሎ ለሁለት እኩል ቢያስገባው አፑ የሚቀንስለት 300 ብቻ ነው። ለዚህ የተዘጋጀው ሒሳብ መዝጊያው ቁልፍ ነው፤ ገንዘቡ በባንክም ሄደ በእጅ እዚያ ይመዝገብ። ሌላው፣ አንድ ሰው አንዴ በስልክ ቁጥሩ፣ አንዴ በኢሜይሉ ከተጨመረ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠርና የሁሉም ድርሻ ይዛባል። ወጪ ከመግባቱ በፊት የአባላቱን ቁጥር እዩ፤ ስድስት ካላችሁ ስድስት ስም።

በነጻው ስፕሊትዋይዝ ላይ በቀን የሚገባው የወጪ ብዛት የተገደበ ነው። ለጉዞ ይህ ያበሳጫል፤ ቅዳሜ ብቻውን አሥር ትንንሽ ክፍያ አለው። መውጫው በየቀኑ አንድ ከፋይ መመደብ ነው። የዕለቱ ተረኛ ትራንስፖርቱንም ምግቡንም ይከፍላል፣ ማታ ሁለትና ሦስት መስመር አድርጎ ያስገባል። ደረሰኝ በፎቶ ማንበብና ምንዛሪ መለወጥ የሚከፈልበት ላይ ነው። በነጻው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ካስገባችሁ ዕዳው በሁለት ዓይነት ገንዘብ ተለያይቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ካርድ የተጠቀመ ሰው ደረሰኙ ላይ ያለውን ሳይሆን ከባንኩ የተቆረጠበትን በአንድ ገንዘብ ያስገባ፤ የባንኩ ምንዛሪና ኮሚሽን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ካርድ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ልቁረጥ?» ብሎ ቢጠይቅም እምቢ በሉት፤ ምንዛሪው ብዙውን ጊዜ ይብሳል።

ለሦስት ሰውና ለአንድ ሌሊት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ፣ ወይም አዳሩ እኩል ካልሆነ፣ ስፕሊትዋይዝ ከነገደቡም ቢሆን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አዘጋጇን የሚያሳርፍ ነው።

ግሩፑን ግን ከተመለሳችሁ በማግስቱ አትዝጉት፤ ተመላሽ ገንዘብ ዘግይቶ ይመጣል። ከቤቱ ኪራይ 550 ተመለሰ እንበል። አዲስ መስመር አትጻፉ። ያንን 8800 ከፍታችሁ 8250 አድርጉት፤ ድርሻው ከ800 ወደ 750 ይወርዳል። ሁሉም ከፍሎ ጨርሶ ከነበረ ከአዘጋጇ በቀር ለአራቱ መቶ መቶ፣ አንድ ሌሊት ላደረው 50 ተመላሽ እንዳላቸው ያሳያል፤ የቀረው መቶ የእሷ ድርሻ ነው።