አልበርተስ ቦልድ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የማስታወቂያ ሥራ እሠራለሁ፤ ታፔላ፣ ስቲከር፣ የቡና ከረጢት፣ የሠርግ ጥሪ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ለላቲኑ አርዕስት የምጠቀመው አልበርተስ የሚባለውን ፎንት ነው፣ በወፍራሙ። በጣም ወድጄዋለሁ፤ ለሁሉ ሥራ ግን አይሆንም።

የማረከኝ ጫፉ ነው። እንደ ታይምስ ቀጭን እግር አልተቀጠለለትም፤ ግንዱ ራሱ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ቀስ እያለ ይሰፋል። በርቶልድ ቮልፔ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሞኖታይፕ ለሚባል የፊደል ኩባንያ ሲነድፈው መነሻው ብረት ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ነበር፤ ዙሪያው ይፋቅና ፊደሉ ጎልቶ ይቀራል። የዚህ ትርጉም የገባኝ ግን እዚሁ ነው። በርጩማ ለሚሠሩ አንድ አባት የቡና ቤት ስም በዋንዛ ላይ እንዲቀርጹልኝ ሰጠኋቸው። ከዚያ በፊት ባለ ቀጭን እግር ፎንት ሰጥቻቸው የሁለት ፊደል ጫፍ ተሸርፎባቸዋል። ይኼኛውን ወረቀት በጣታቸው ተከትለው «ይሄስ መሮ ያውቃል፣ ልጄ» አሉኝ። አንድም አልተሸረፈም።

«ጅማ» በቁቤ ሲጻፍ ሁለት ኤም ጎን ለጎን ይመጣል፣ ቀጥሎ ሁለት ኤ። በሌላ ወፍራም ፎንት ኤሞቹ ጥቁር አጥር ይሆናሉ። የአልበርተስ ኤም የመሃል ሹሉ እስከ ታች ሳይወርድ ስለሚቆም ከሥሩ ብርሃን ያስገባል፤ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ሁለቱን ኤዎች ግን በእጄ ማጠጋጋት ነበረብኝ። ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ድርብ አናባቢ ቃሉን ያስረዝመዋል፤ ስሙ ረዥም ከሆነ ፎንቱን ተዉት። ጨምቃችሁ ላስገባው ካላችሁ የጫፎቹ ውበት ይጠፋል።

ግዕዝ የለውም። ለአማርኛው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጵክን በወፍራሙ አጣምራለሁ። በመቃ ብዕር የተጻፈ ፊደል የቆመው መስመር ይወፍራል፣ አግዳሚው ይቀጥናል፤ ያ ጠባይ እዚህም ስላለ «ቡና» ከአልበርተስ ጎን ሲቀመጥ ከሌላ ታፔላ ተቆርጦ የተለጠፈ አይመስልም። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ለትንሽ ጽሑፍ አትጠቀሙበት። 250 ግራም የሚይዝ ቡናማ ከረጢት ላይ በ9 ነጥብ የፊደል መጠን አስገብቼው ወረቀቱ ቀለሙን ጠጥቶ የፊደሎቹ ሆድ ተደፈነ።

ቁጥሩም ይታሰብበት። የ6 እና የ9 ክብ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በትልቁ ያምራል፤ የኛ ሞባይል ቁጥር ግን አብዛኛው በ09 ነው የሚጀምረው። ቡና የምትቆላ ደንበኛዬ ስቲከሩን እንደተረከበች ደውላ «ዘጠኟ ተቆርጣለች እንዴ?» አለችኝ። ሁለት መቶውንም ደግሜ አተምኩላት። ከዚያ ወዲህ ስሙን በአልበርተስ፣ ስልኩን በኖቶ ሳንስ አደርጋለሁ።