ለደብረ ማርቆሱ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ወንድሜ ምስጋናዬ ይድረስህ

አምስት ወር ያንገላታኝን የባትሪ ችግር በአንድ ከሰዓት የገላገለኝን ሰው ሳላመሰግን ብቀር እግዜርም አይወደው። ስሜን አትጥራ ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የሚሠራው።

ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው የምነዳው፤ ከማርቆስ ፍኖተ ሰላም እመላለሳለሁ። ነገሩ የጀመረው ጠዋት ጠዋት ሞተር ለማስነሳት እየከበደው ነው። ባትሪህ ሞቷል ተባልኩ፣ አዲስ ገዛሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው እሱም ደከመ። ሌላ ጋራዥ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው አሉኝ፤ የዲናሞው ካርቦን ተቀየረ፣ ቀጥሎ ዲናሞው ራሱ ተቀየረ። ክሩስኮቶ (ዳሽቦርድ) ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት ግን አንድም ቀን በርታብኝ አታውቅም።

ሐምሌ ላይ ከፍኖተ ሰላም ስመለስ ጅጋን እንዳለፍኩ ዝናቡ ወረደ። መብራቱን አበራሁ፣ መጥረጊያውን ለቀቅሁ፣ መስታወቱ እንዳይታፈን ማራገቢያውን ከፈትኩ። ደምበጫ ስደርስ የፊት መብራቴ እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆኗል፤ መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሰው ላወርድ ቆሜ ሞተሩን ባጠፋው፣ ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። ተሳፋሪው ጭቃ ውስጥ ወርዶ ገፋልኝ። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ሱቅ ጥግ ቆማ ስትጠብቀን አይቼ አንጀቴ ተላወሰ። ያን ቀን የገፋችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደምበጫ አድሬ በማግስቱ ማርቆስ ገባሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ ልጅ ጋ ስደርስ ገና ኮፋኖ ሳይከፍት ጥያቄ ጀመረ። ማታ ነው ወይስ ቀን የሚብሰው? ዝናብ ላይስ? ከዚህ በፊት ምን ምን ተቀየረ? እኔ ችኮላ ይዞኝ «ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ንቀልና ዲናሞውን ፈትነው» አልኩት፤ ሁሌ የማየው እንደዚያ ነበር። «አይሆንም ጋሸ፣ ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዳዮድ ታቃጥለዋለህ» አለኝ። ይህን ሌሎች ሹፌሮችም እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ቴስተሩን አወጣ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ዲናሞው ላይ ሲለካ 14.2 ቮልት። ባትሪው ላይ ሲለካ 12.7። በየጋራዡ ዲናሞው ላይ ብቻ እየለኩ «ቻርጅ ያደርጋል» ሲሉኝ የከረሙት ለካ አልዋሹኝም! ቀጥሎ የቴስተሩን አንዱን ሽቦ ከዲናሞው አካል፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ አገናኘ፤ 1.4 ቮልት አሳየ። «እዚህ ጋ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ዲናሞህ የሚያመነጨው መንገድ ላይ እየተበላብህ ነው» አለኝ። የነዳጅ መስጫውን ካቦ እንድነካው ነገረኝ፤ ሞቋል። ኤሌክትሪኩ በዋናው መንገድ መመለስ ሲያቅተው በዚያ ቀጭን ካቦ ሊመለስ ይታገል ነበር።

ጥፋቱ ማሳው ላይ ነበር፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደው ወፍራም ገመድ። ከዚህ በፊት ሞተሩ ወርዶ ሲገጠም ቡሎኑን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀለም ላይ አስረውታል። ልጁ ላስቲኩን በቢላ ሲገፈው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ መዳፉ ላይ ተራገፈ፤ የቀሩት ክሮች በጣት ይቆጠራሉ። አዲስ ገመድ ቆረጠ፣ የማሰሪያውን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ አጥብቆ አስሮ ግራሶ ቀባው። እንደገና ሲለካ ባትሪው ላይ 14.1 ቆመ። ቁልፉን ባዞርኩት ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ሌላ ዲናሞ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ እኔም በዚያ ቀን ምንም ቢለኝ እከፍል ነበር። ለገመዱም ለድካሙም የጠየቀኝ 500 ብር ነው። ባትሪውንም አዲስ ግዛ አላለኝም። ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ውስጡ ባለው እርሳስ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው እየደነደነ እንደሚሞት አስረድቶኝ፣ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ቻርጅ አድርጎ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ በእሱው እየሠራሁ ነው።

መብራታችሁ የሚደበዝዝባችሁ፣ ባትሪ በላይ በላዩ የሚሞትባችሁ ማርቆስ አካባቢ ያላችሁ ሁሉ ወደ እሱ ሂዱ፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ቦታውን እጠቁማለሁ። እስካሁን የተቀየረውን ዕቃ ሁሉ አስታውሳችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።