ለሙሽራ ድሪና የራስ ጌጥ፦ ሙሉ ወርቅ፣ ወርቅ ቅብ ብር ወይስ አርቴፊሻል?

ብዙ ሙሽሮች ድሪውንና የራስ ጌጡን ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ዓይነት ማዕድን ይገዛሉ። እኔ ለያይቶ መግዛትን እመርጣለሁ። ድሪ ከሠርግ በኋላም ለፋሲካ፣ ለጥምቀት፣ ለክርስትና ድግስ ይወጣል። የራስ ጌጥ ግን መልሱ ካለፈ ከሣጥን የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንገት ይዋል።

ከሙሉ ወርቅ ብንጀምር፣ 18 ካራት 75 በመቶ፣ 21 ካራት ደግሞ 87.5 በመቶ ንጹሕ ወርቅ አለው። ፈርጥ ለሚቀመጥበት ጌጥ 18ቱ ይጠነክራል፤ ለመሸጥ ለሚያስብ 21ዱ ይሻላል። ሲሸጥ ግን የሚታሰበው ግራሙ ነው፤ የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ አይመለስም። ደረት የሚሸፍን ድሪ በሙሉ ወርቅ ከማሠራት ቀጭን ሀብል መግዛት ይበጃል።

ለድሪ ምርጫዬ ወርቅ ቅብ ብር ነው። የጥንቱ ድሪ በአብዛኛው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር እየቀለጠ የተሠራ ነው። ጠገራው 83.3 በመቶ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው፤ ዛሬ 925 የሚል ማህተም ያለው 92.5 በመቶ ብር ነው። ከአያቷ ድሪ የወረሰች ሙሽራ ይህን ልዩነት አይታ እንዳትንቀው! መዳቡ ያጠነክረዋል፣ አንጥረኛም አጽድቶ በወርቅ ሊቀባው ይችላል። አዲስ ስትገዙ የቅቡን ውፍረት ጠይቁ፤ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ጥሩ ነው፣ ስስ ቅብ በላብና በሽቶ ቶሎ ይለቃል። ሲለቅም እንደገና ይቀባል።

አርቴፊሻሉ ብዙውን ጊዜ ቅብ ናስ ነው፤ በፎቶግራፍ ከወርቅ አይለይም። አንገት ላይ ግን ናሱ በላብ ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ኒኬል ካለበት ያሳክካል። ለራስ ጌጥ ግን ይህኑ እመርጣለሁ፦ አርቴፊሻል ግዙ ወይም ተከራዩ። ግንባር የሚነካውን ጎን በስስ ጨርቅ አስለብጡት። ሹሩባውን ከተሠራችሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ሱቅ ውስጥ የቀለለ ጌጥ ከሰዓት በኋላ ራስ ያሳምማል።

በማግኔት የሚፈትኑ ሻጮች አሉ። ማግኔት የሚያጋልጠው እንደ ብረትና ኒኬል ያሉትን ነው፤ ናስም እንደ ወርቅና እንደ ብር አይሳብም። ማህተሙን በመቆለፊያው ላይ ፈልጉ፣ ፊታችሁ አስመዝኑ፣ ደረሰኙ ላይም ግራሙና ካራቱ ይጻፍ፤ ወርቅ ቅብ ከሆነ «ወርቅ ቅብ ብር» ተብሎ ይጻፍ።