«አውሬ አያስገባም» እየተባለ የሚሸጠውን የዶሮ ቤት ሳትፈትሹ እንዳትከፍሉ

የጅማ ሰዎች፣ በተለይ ግቢያችሁ ወደ ቡና ማሳ ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ የሚጠጋ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ።

ተሠርቶ ያለቀ የዶሮ ቤት «ቀን ልቀቋቸው፣ ማታ ክተቷቸው፣ ሸለምጥማጥ አይነካቸውም» እየተባለ እየተሸጠ ነው። እህቴ ገዛች። ቀለሙ ያምራል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት አውሬ ገብቶ ሊጥሉ የደረሱ ቄቦቿን ፈጃቸው። አንዷን ወሰደ፣ የቀሩትን አንገታቸውን እየነከሰ እዚያው ጣላቸው። ሻጩ ሲደወልለት «በሩን ክፍት ትታችሁ ነው» አለ። በሩ ተቀርቅሮ ነው ያደረው! የገባው በጎን፣ ሽቦውን ገንጥሎ ነው።

ዋናው ጉድ ሽቦው ነው። ያ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን የዶሮ ሽቦ የሚያገለግለው ዶሮዋ እንዳትወጣ ነው እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ሸለምጥማጥም ሆነ ፋሮ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ይከተላል። ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት ሽቦውን በእጃችሁ ሳቡት፣ ከተለጠጠ ተዉት። የሚያስተማምነው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ይወደዳል፣ ግን ዶሮዎቹን ከማጣት ይሻላል። ሸለምጥማጥ ዛፍ ወጪ ስለሆነ በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተትም እዩ። ከሥር ደግሞ የጅማ ዝናብ አፈሩን ስለሚያለሰልሰው መቆፈር ቀላል ነው፣ ሽቦው ወደ ውጭ ታጥፎ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ መቀበር አለበት። እህቴ የገዛችው ቤት ወለልም የተቀበረ ሽቦም አልነበረውም።

«ቀን ልቀቋቸው» የሚሉትም ግማሽ እውነት ነው። ቀን ጭልፊት አለ። የሀበሻ ዶሮ ጫጩቶቿን ጠርታ ቁጥቋጦ ሥር ታስገባለች፤ ያለ እናት አድገው በ45 ቀናቸው የሚሸጡት ዶሮዎች ግን ሜዳ ላይ ቆመው ይበላሉ። እንሰት ወይም የቡና ዛፍ ያለበት ጓሮ ይሻላቸዋል፣ ገላጣ ሜዳ ላይ አትልቀቋቸው። ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ክተቱ፣ የተራረፈውን መኖም አንሱ፣ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ ሌላውን ይጠራል።

እዚያው «ለአውሬው» ብለው መርዝ የሚሸጡላችሁ ካሉ በፍጹም አትቀበሉ። የሚሞተው የጎረቤት ውሻ ነው፣ ልጆችም አሉ።

የገዛችሁ ካላችሁ ቤቱን አትጣሉት፣ ጠንካራውን ሽቦ ከውጭ ደርቡበት። ደረሰኝ ካላችሁ ደግሞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፣ «አውሬ አያስገባም» ብሎ ይሄንን መሸጥም ያው ነው። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ መጀመሪያውኑ አትግዙት።