ለአሮጌ እጀታና ለአሮጌ ሰደፍ የትኛው መጠቅለያ ይሻላል? ፍሪክሽን ቴፕ፣ የፕላስቲክ ናስትሮ፣ ሲሊኮንና ጠፍር ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ የተገዛ አሮጌ መዶሻ ወይም ፒንሳ እጀታው በጥቁርና በደረቀ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተገኘ፣ ያ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪክሽን ቴፕ ነው። ስሙ ከእጅ መያዣነቱ የመጣ ቢመስልም የተገኘው ከአሠራሩ ነው፤ ፋብሪካው በተለያየ ፍጥነት በሚዞሩ ሲሊንደሮች መካከል ጎማውን ከጥጥ ጨርቁ ጋር እያፋተገ ወደ ክሩ ውስጥ ያሰርገዋል። በዚህም ምክንያት እንደ ተራ ናስትሮ በአንድ ፊቱ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ፊቱ ይጣበቃል፤ ስፋቱ በተለምዶ 19 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ነው።

ይህ ናስትሮ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕቃ ነበር። ሠራተኛው ሽቦ ቀጥሎ ከበየደ በኋላ መጋጠሚያውን በንጹሕ የጎማ ናስትሮ ይሸፍነውና ጎማው እንዳይፋቅና እንዳይቀደድ በላዩ ላይ ፍሪክሽን ቴፕ ይደርብበታል። ኤሌክትሪኩን የሚከለክለው ጎማው ሲሆን ጨርቁ የጎማው ልብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የፕላስቲክ (የቪኒል) ናስትሮ ሲመጣ ሁለቱን ሥራ ብቻውን ስለቻለ የጨርቁ ናስትሮ ከሽቦ ሥራ እየወጣ ሄደ፤ የእጀታ ሥራው ግን አልቀረበትም። ለገዢ ይህ ታሪክ ቁም ነገር አለው፤ የፒንሳ እጀታ በፍሪክሽን ቴፕ ስለተጠቀለለ ብቻ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ይዞ መሥራት ለሕይወት አደገኛ ነው። ለዚያ ሥራ የሚገዛው 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍና የድርብ ሦስት ማዕዘን ምልክት የተቀረጸበት ፒንሳ ብቻ ነው።

ለእንጨት እጀታ፣ ማለትም ለመጥረቢያ ዛቢያ፣ ለመዶሻና ለዶማ፣ ከአራቱ መጠቅለያዎች ፍሪክሽን ቴፕን አስቀድማለሁ። ጥጡ ላብ ይመጥጣል፤ እጅ ሲረጥብም አያዳልጥም፤ ያለ መቀስ በእጅ ይቀደዳል፤ ከእንጨቱ ጋር ተዋሕዶ ስለሚቀመጥ በእያንዳንዱ ምት ከቦታው አይንሸራተትም። በተለይ ከመጥረቢያው ራስ ሥር ያለው የዛቢያ አንገት፣ ምቱ ግንዱን አልፎ ዛቢያው ራሱ ከግንዱ ጋር ሲጋጭ የሚሰነጣጠረው ክፍል፣ ሦስት አራት ዙር ቢደረብለት ዕድሜው ይረዝማል። አዲስ ሲጠቀለል መዳፍ ላይ መጣበቁ ያስቸግራል፤ ጥቂት የታልክ ዱቄት ቢነሰነስበት ግን በቶሎ ይረጋጋል። ዋና ድክመቱ ዘይትና ቤንዚን ነው፤ ሁለቱም ጎማውን ስለሚያሟሙት ለመካኒክ መፍቻ አይሆንም።

በአገራችን ሱቆች ናስትሮ ሲባል በአብዛኛው የሚቀርበው የፕላስቲኩ ነው። ርካሽ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ይለጠጣል፤ ነገር ግን ገጹ ለስላሳ በመሆኑ በላብ ያዳልጣል፤ ፀሐይ ያገኘው እንደሆነም ሙጫው እየቀለጠ ይንሸራተታል፣ ጠርዙም ይገለበጣል። ለእጀታ ብሎ የሚገዛው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሲቀይረው ይገኛል።

ጠፍር የሁሉም ታላቅ ነው። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ኃይሉን ያውቃል፤ እርጥብ ሆኖ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ብረት ይጨብጣል። ለተሰነጠቀ ዛቢያ ከማንኛውም ናስትሮ ይልቃል፤ ሙጫም ስለሌለው የሚተወው የሙጫ ጠባሳ የለም። ይሁን እንጂ ዝናብ ሲያገኘው ይላላል፣ ደረቅ ሳለም ለመዳፍ ሻካራ ነው።

ወደ አሮጌ ጠመንጃ ስንመጣ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። ወታደሮችና አዳኞች ጠመንጃቸውን በናስትሮ የሚጠቀልሉት የማንገቻው ቀለበት እንዳይንኳኳ፣ አፈር በአፈሙዙ እንዳይገባ፣ ወይም ሰደፉ በቀጭኑ አንገቱ ላይ ሲሰነጠቅ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ ቦምብ ለመተኮሻ የመደቧቸውን የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃዎች የፊት እንጨት በሽቦ ያስሩት ነበር። እነዚህ ሁሉ የሜዳ ዘዴዎች ናቸው፤ ዛሬ ለቅርስነት የሚቀመጥ ጠመንጃ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። የጥጥ ጨርቅ ላብንና እርጥበትን ስለሚይዝ በብረት ላይ ከከረመ በሥሩ ዝገት ያበቅላል። ጎማ ውስጥ ያለው ድኝም ናስንና መዳብን ያጠቁራል። እንጨቱን በተመለከተ፣ የተልባ ዘይት የጠጣ ሰደፍ የሙጫውን ጥቁረት ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ እንደ ሶቪየት ሞሲን ናጋንት ጠመንጃ ሼላክ በተባለው የእንጨት ቫርኒሽ የተቀባው ደግሞ ናስትሮው ሲላጥ ቀለሙ አብሮ ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ለጠመንጃ ጊዜያዊ መጠቅለያ የሚፈልግ ሰው ሙጫ የሌለውን የሲሊኮን ናስትሮ ቢገዛ ይሻለዋል። ሲሊኮኑ ሲለጠጥ ከራሱ ጋር ብቻ ስለሚዋሐድ በእንጨትም ሆነ በብረት ላይ ሙጫ አይተውም፤ ሲያበቃም በምላጭ ተሰንጥቆ ይወልቃል፣ ምላጩ ግን እንጨቱን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሙቀትንም ከሌሎቹ በእጅጉ ይችላል። ጉዳቱ ትንሽ ከተጫረ በአንዴ መቀደዱና አንዴ ከተዋሐደ በኋላ ዳግመኛ አለማገልገሉ ነው፤ እርጥበትም በሥሩ ሊታፈን ስለሚችል በብረት ላይ ለዓመታት አይተውም። አንገቱ የተሰነጠቀ ሰደፍ ግን በየትኛውም ናስትሮ ቢጠቀለል የተጠገነ አይደለም። የተኩሱ ግፊት ስንጥቁን ከፍቶ ተኳሹን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ባለሙያ በማጣበቂያና በማጠናከሪያ ዘንግ እስኪጠግነው ድረስ ሊተኮስበት አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ውጅግራ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ውጅግራ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ የፈረንሳይ «ግራ» (Gras) ጠመንጃ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በኢትዮጵያውያን እጅ ነበር፤ ዛሬም በቅርስነት የያዙት ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ባለው ጠመንጃ ላይ የቆየ ጠፍር ወይም ሽቦ ቢገኝ በአዲስ ናስትሮ አይተካ፣ አይፈታም። ያን ያሰረው እጅ የጠመንጃው ታሪክ አካል ነው፤ በውድ የተገዛ ንጹሕ ናስትሮም ያንን ሊመልስ አይችልም።

የሌላ ሰው አሮጌ ፍሪክሽን ቴፕ ማንሣት ግድ ሲሆን በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ወደ ኋላ አጥፎ በዝግታ መሳብ፣ የቀረውን ሙጫ ደግሞ በአኳራጅ በተነከረ የጨርቅ ጫፍ መጥረግ ይበቃል። አኳራጁ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሰደፉ ግርጌ ብረት ሥር፣ ይሞከር፤ አልኮል ሼላክን ስለሚያሟሟ አይነካ። አዲስ ሲገዛም ማሸጊያው ላይ ጥጥ መሆኑ መጻፉን ማየት፣ ጫፉን ገልጦ ሁለቱም ፊት መጣበቁን በጣት መሞከር ይገባል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጥቅልል ጎማው ይደርቅና ሲገለጥ ስለሚፈረፍር፣ የሚያስፈልገውን ያህል ትንሽ ጥቅልል ገዝቶ የተረፈውን በተከደነ ቆርቆሮ፣ ከፀሐይ ርቆ ማስቀመጥ ይሻላል።