ካፋ እና የጋምቤላ ሜዳ፦ ደኑ እና ሣሩ

ሁለቱንም ክረምት ዝናብ አይነፍጋቸውም፤ ካፋ ግን ደን ነው፣ የጋምቤላ ሜዳ ሣር። በእርግጥ ዝናቡ በካፋ ይበልጣል፤ በቦንጋ ዙሪያ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዓመቱ አብዛኞቹ ወራት ይዘንባል። ጥልቁ ቀይ አፈርም ትርፍ ውሃን ስለሚያሳልፍ ሥር አይታፈንም፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር የዱር ቡና ይበቅላል።

ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሙቀቷ ብርቱ፣ በጋዋ ረጅም። ደን ላለመሆኗ እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው አፈሩን ነው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር፣ የባሮ ወንዝ ሲሞላ፣ ውሃ አቁሮ ሥርን አየር ይነሳል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይበጥሰዋል። ከዚህ የተረፈ ችግኝ የሰደድ እሳት ይጠብቀዋል። ሣር ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አፈሩ ውሃ በሚያሳልፍበት የወንዝ ዳር ግን ዛፎች አሉ፤ ያውም በዚያው ዝናብ።