ለቱቦ ብየዳ ፈተና ብር ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን ሞክሩት

ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር «የቱቦ ብየዳ ፈተና ወስደው ሰርተፊኬት ያግኙ» የሚል ማስታወቂያ በየምሰሶው ተለጥፏል። ሁሉም አጭበርባሪ ነው አልልም። አንዱ ግቢ ግን የሰፈራችንን ልጅ ብር በላው። ሌላውም እንዳይበላ ነው የምጽፈው።

ልጁ እጁ ጥሩ ነው። ቱቦም በደንብ ተለማምዷል። ክፍያውን አስቀድሞ ጨረሰ። ጠዋት አብረን ስንሄድ ቱቦው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ታስሯል፤ ሲክስ ጂ የሚሉት ነው። አጠገቡ ነክቶት የማያውቀው ኢንቨርተር የሚሉት ትንሽ የብየዳ ማሽን ተቀምጧል። «ቁርጥራጭ ብረት ስጡኝና አምፔሩን ላስተካክል» አለ። «ተስተካክሏል፣ ዝም ብለህ ጀምር» አሉት። ሩቱን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የታች ንብርብር፣ 6010 በሚባለው ኤሌክትሮድ ሲጀምር አርኩ (የብየዳው እሳት) እየጠፋ፣ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አላስኬድ አለው። ወደቀ። ወዲያው ለድጋሚ ፈተና ሌላ ክፍያ ጠየቁት።

ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም። 6010 አርኩ እንዳይጠፋ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ብዙ ትናንሽ ኢንቨርተሮች ይህን አይችሉም፤ 7018 የሚባለውን ሌላ ኤሌክትሮድ ግን በደንብ ያነዳሉ። በዚያ ላይ መብራቱ የሚመጣው በቀጭን ኤክስቴንሽን ግቢውን አቋርጦ ነው። እዚያው መስመር ላይ ሌላ ሰው ግራይንደር ያስነሳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ማሽኑ ላይ 90 ቢልም ኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚደርሰው 90 ላይሆን ይችላል። እናንተ ቤት ባለው ማሽን 90 የሰራ ሰው እዚህ በ90 ቢጀምር ምን ይጠበቃል?

ስለዚህ ብር ሳትከፍሉ ማሽኑን አሳዩኝ በሉ። እንደ ቱቦው ውፍረት ያለው ቁርጥራጭ ብረት ጠይቁ። መሬት ላይ አጋድማችሁ ሳይሆን አቁማችሁ በይዱት። ኤሌክትሮዱ ግማሽ እስኪደርስ ይንደድ፤ ከተጣበቀ አምፔሩን አምስት አምስት እያላችሁ ጨምሩ፣ ጠርዙን ከበላ ቀንሱ። ለ3.2 ሚሊ 6010 ከ75 እስከ 125 አምፔር አካባቢ ነው የሚሠራው። ሩት ላይ የሚከፈተውን ቀዳዳ በዓይናችሁ ተከተሉ። እየተደፈነ ከሄደ አምፔሩ አንሷል ወይም ክፍተቱ ጠቧል። እየሰፋ ካመለጣችሁ በዝቷል። አርክ ፎርስ የሚል ማዞሪያ ካለ ለሩቱ ከፍ፣ ለ7018 ዝቅ አድርጉት። የኬብሎቹንም ጫፍ እዩ፤ 7018ን በዲሲ ስትሠሩ ኤሌክትሮድ መያዣው ፕላሱ ላይ ይሁን። ሰው ሲቀያየር ኬብሉን ገልብጦ የሚሄድ አይጠፋም። ደግሞ 7018ቱ ከተቀደደ ካርቶን ወጥቶ ከሆነ እርጥበት ጠጥቷል፤ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል፣ ኋላም ይሰነጠቃል። ከምድጃ የወጣ ስጡኝ በሉ።

ሌላው ወረቀቱ ነው። የሚሰጡትን ሰርተፊኬት ናሙና አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በየትኛው ስታንዳርድ እንደተፈተናችሁ፣ አስሜ ሴክሽን 9 ይሁን አይሶ 9606፣ መጻፍ አለበት። የቱቦው ዲያሜትርና ውፍረት፣ አቀማመጡ፣ የኤሌክትሮዱ ዓይነት፣ የፈታኙ ስምና ፊርማም እንዲሁ። ያየሁት ናሙና ግን «ፓይፕ ዌልደር» የሚል ጽሁፍና ክብ ማህተም ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለውን ይዛችሁ ትልቅ ሳይት ብትሄዱ እንደገና ይፈትኗችኋል። ከመንግሥት የብቃት ምዘና ከሚሰጠው ሲኦሲ ጋርም አይገናኝም፤ «አንድ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ።

የልጁን ብር ብንጠይቅም አልመለሱም። ደረሰኙ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሁፍ «ተመላሽ አይደረግም» ይላል። ከመፈረማችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። የድጋሚ ፈተና ዋጋና የማሽን መሞከሪያ ሰዓትም በጽሁፍ ይቀመጥላችሁ።